እጥፋቱ ያልተፈታው ጉርድ

ልጄ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዓመት ሲደርስ ዩኒፎርሟን የማለብሳት እኔ ነኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። ለሌላ ሰው ይኼ ምንም ላይመስል ይችላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ የለበሰችው ዓይን የሚገባ ልብስ ሁሉ የመጣው ከአበልጄ እጅ ነውና።

አበልጄ የልጄ ክርስትና እናት ናት። እዚሁ መሐል ሜዳ፣ ከእኛ ጥቂት አጥር አለፍ ብላ ነው የምትኖረው። ቢሮ ትሠራለች፤ ወር ጠብቃ ደመወዝ ትቀበላለች፤ ልጅ የላትም። የመረጥኳት እኔው ነኝ። ክርስትና የተነሳች ቀን ልጄን አቅፋ ስትቆም አይቼ፣ "እንዴት ያምርባታል!" ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዋል አደር ሲል ግን ያው ማማሯ ያንገፈግፈኝ ጀመር። ለገና ቀሚስ ይዛ ትመጣለች፤ ለፋሲካ ጫማ ይዛ ትመጣለች። ልጄ ድምፅዋን ከደጅ ስትሰማ፣ ላጎርሳት እጄን ዘርግቼ እያለሁ፣ "እትዬ መጣች!" ብላ ብድግ ትላለች። ጉርሻው እጄ ላይ ይቀራል፤ እኔው እበላዋለሁ። እንዴት እንደሚያንቅ የቀመሰው ያውቀዋል።

እኔ የበግ ጸጉር እየፈተልኩ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ነው የምሸጠው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ክር አውቃለሁ። በዩኒፎርም ማንም አይቀድመኝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጭቃው ገና እንደተላቆጠ፣ ጨርቅ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ያወረደልኝን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ሁሉ በጭብጤ ጨምድጄ ለቀቅሁት፤ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤ ከዳሩ ክር መዝዤ በጥርሴ ሞከርኩት።

"እህቴ፣ ልትገዢው ነው ልትበዪው?" አለኝ።

"የማይቀደደውን ነው የምፈልገው።"

"እንግዲያው ይኼ ነው። አንቺ ታልቂ እንደሆን እንጂ እሱ አያልቅም።"

እውነቱን ነው፤ ወፍራም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የጓሳ ተራራ ነፋስ የማያልፈው ጨርቅ ነበር። ይዤው ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። አሮጌ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው መኪናቸው ላይ ከጧት እስከ ማታ ያጎነብሳሉ። ለማደጊያ እንዲሆናት ከታች ሦስት እጥፋት፣ ወገቡም ላይ የሚለቀቅ ትርፍ እንዲያደርጉልኝ ነገርኳቸው። በየዓመቱ አንዱን እጥፋት እፈታላታለሁ፤ ሌላ ሰው ሌላ መግዛት ሳያስፈልገው የእኔው ያደርሳታል። ይኼን የመጨረሻውን አልነገርኳቸውም።

"ልጄ፣" አሉኝ መለኪያውን እያዩ፣ "ይኼ ለተማሪዋ ነው ለመምህሯ?"

"እርስዎ ብቻ ስፌቱን ድርብ ያድርጉልኝ።"

አደረጉልኝ። ቤት ወስጄ አንድ ጊዜ ለካሁባት። ጉርዱ ከወገቧ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጄ ወደ ታች አየችው፤ እጆቿን በሁለት በኩል ዘርግታ ቆመች። ወዲያው አውልቄ አጣጠፍኩትና አሪቲ ጣል አድርጌበት ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በማግስቱ ሳጥኑን ስትነካካ አገኘኋትና፣ "አይነካም! ይቆሽሻል! የትምህርት ቤት ነው!" ብዬ ጮህኩባት። እኛ ቤት ልብስ የሚከበረው እንዲህ ነው። እኔም ያደግሁት የክት ልብሴን በሳጥን ቀዳዳ እያየሁ ነው።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ አበልጄ ከደብረ ብርሃን በመጣው መኪና ወረደች። ቤቷ ሳትደርስ፣ ሻንጣዋን እንደያዘች፣ መጀመሪያ የመጣችው እኛ ዘንድ ነው። ከፌስታሉ ያወጣችው ዩኒፎርም ነበር። ያው ጥቁር ሰማያዊ፣ ግን ሽንሽን፣ ኪሱ ላይ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ያለው።

"አበልጄ፣ እኔ እኮ አሰፍቼላታለሁ!" አልኳት።

"ታዲያ ምን አለበት? ትቀያይረዋለች።" ይኼን እያለች ልጄን ማልበስ ጀምራለች። "ነገ ለብሳው ትዋል።"

"የትምህርት ቤት ልብስ ለበዓል?"

"አበልጄ ደግሞ! ልጅ አይደለች? ደስ ይበላት እንጂ።"

ልጄ ባለችበት ዞረች። ሽንሽኑ ተከፈተና እንደ ጃንጥላ ክብ ሠራ። ደግማ ዞረች፤ ሳቀች፤ ራሷን አዙሯት አበልጄ እቅፍ ውስጥ ወደቀች። ባለቤቴ እንኳ፣ ስለ ልብስ ደንታ የሌለው ሰው፣ "አቤት!" አለ። ለእኔ ጉርድ አቤት ያለ አልነበረም። እርር ድብን አልኩ። የማስተካክልላት መስዬ ጠርዙን ዳበስኩት። ሳሳ ያለ ነው፤ ስፌቱ ነጠላ፣ ትርፍ የሚባል የለውም። በሆዴ፣ ኅዳርን አያይም አልኩ። ይኼን ብዬ ትንሽ ቀለለኝ።

ትምህርት የተጀመረ ጧት ሳጥኑን ከፍቼ የእኔን አወጣሁ። አሪቲው ሸተተ። ልጄ ግን ሽንሽኑን ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ነይ፣ ይኼን ልበሺ።"

"ያ የክት ነው" አለች።

"የምን የክት? የትምህርት ቤት ነው እንጂ!"

"አይነካም ብለሽ የለ እንዴ!" አለችኝ፤ ከልቧ ነበር። ጉርዱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

በዚያ ላይ አበልጄ ከቢሮዋ አስፈቅዳ መጥታለች። ልጄን አንድ እጇን እሷ፣ አንድ እጇን እኔ ይዘን ወሰድናት። በር ላይ የቆመችው መምህር ሦስታችንንም አየችና፣ "እናቷ ማንኛችሁ ናችሁ?" ብላ ጠየቀች። አበልጄ አፏን ሳትከፍት፣ "እኔ ነኝ!" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ መሰለኝ፤ ሌሎቹ እናቶች ዞረው አዩኝ። አበልጄ ጎንበስ ብላ የልጄን ሽንሽን አስተካከለች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ማታ ማታ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትገባ ገና ደብተሯን ሳታስቀምጥ አዙሬ አያታለሁ። ጠርዙን እገለብጣለሁ፤ በወገቡ ዙሪያ ጣቴን አስኬዳለሁ። "ዛሬም አልተቀደደም?" እላለሁ። "አልተቀደደም" ትላለች። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ። ውርጩ ሜዳውን ነጭ በሚያደርግበት ጧት እግሯ በዚያ በሳሳ ጨርቅ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አይና ነጠላዬን እደርብላታለሁ፤ እየደረብኩላትም፣ የእኔው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ለአበልጄ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ጨርቁ ራሱ ይንገራት ብዬ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንሽኑን ገልብጬ ሳሙና ላስነካው ስል፣ በጎኑ በኩል፣ ከሽንሽኑ እጥፍ ውስጥ የተደበቀ ረጅም ስፌት አገኘሁ። ክሩ ጥቁር ነው፤ ጨርቁ ሰማያዊ። ስፌቱ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ እያለ፣ መርፌ በማያውቅ እጅ፣ ሽንሽኑን ከሽንሽኑ ጋር አጣብቆ ወርዷል። ተቀዷል! ለዚያውም እስከ ጭኗ ድረስ። እየሳቅሁ ተነሳሁ መሰለኝ።

"ነይ እስቲ!" ብዬ ጠራኋት። "መቼ ነው ይኼ የተቀደደው?"

ልጄ ስፌቱን አየች፤ እኔን አየች። "ባለፈው፣ አጥር ስንዘል።"

"ማን ሰፋልሽ?"

"እትዬ።"

"እናትሽ ቁጭ ብላ እያለች? ክር ስፈትል የምውለው እኔ! ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?"

መሬት መሬት አየች። "አንቺ ደስ ይልሽ ነበራ" አለች።

ቆጣ ብላ አልነበረም፤ አላለቀሰችም። ይኼን ብላ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ውሃው ሳፋው ውስጥ ቀዘቀዘ።

ስፌቱ አስቀያሚ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እላለሁ። ተርትሬ በደህና ክር ልሰፋው እጄን በላኝ፤ ብሰፋው አይታወቅም ነበር። ግን ልጄ ታውቀዋለች። እዚያ ቢሮ ስትጽፍ የምትውል ሴት መብራት አጠገብ ተጎንብሳ፣ ልጄ ጭኗ ላይ አገጯን አስደግፋ እያየቻት፣ ጣቷን እየወጋች ስትሰፋው ታየኝና ቅናቱ እንደገና ተነሳብኝ። እዚያ ቤት ልጄ ያለ ፍርሃት ተቀደደብኝ ብላለች።

ሽንሽኑን ወደ ውሃው መለስኩት። ያ ጥቁር ክር እንዳይተረተር ዙሪያውን በጣቴ ጫፍ ቀስ አድርጌ አሸሁት፤ ሳልጨምቀው አጥሩ ላይ አሰጣሁት። የእኔው ጉርድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሦስቱም እጥፋቱ እንዳለ ነው።