የተፈታው ቤት

ነገር ካልጠየቅኩ አይሆንልኝም። ጅጅጋ እሳት አደጋ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ጓደኞቼ «አንተ እኮ እሳቱንም መጀመሪያ ስሙን ትጠይቀዋለህ» እያሉ ይቀልዱብኛል። የመሀል አገር ሰው ስለሆንኩ ብዙው ነገር አዲስ ነበር። ከሁሉም የገረሙኝ ከከተማው ዳር ያሉት፣ በሰሌንና በቀጫጭን እንጨት የሚሠሩት ድብልብል ቤቶች ናቸው። ሚስማር የላቸውም፤ ታዲያ ምን ይዟቸው ይቆማሉ እያልኩ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አሰግግ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ሰፈር እሳት ተነሣ ተብሎ ወጣን። የጅጅጋ ነፋስ መቼም ይታወቃል። ስንደርስ ሰው ባይጎዳም ሁለት ቤቶች ነደው አልቀዋል፤ እሳቱ ወደ ሦስተኛው እየተሳበ ነው። ከእሱ ወዲያ ቤቱ ሁሉ የተጠጋጋ ነው፣ የያዝነው ውሃ ደግሞ እያለቀ። ሦስተኛው ከመሀል ከተነሣ የቀረው ይተርፋል። ባለቤቲቱ ወተት ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች፤ ልጆቿ ጎረቤት ደጅ ቆመው ያዩናል። መጥረቢያዬን አነሣሁ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። የጅጅጋ ልጅ የሆነው ሾፌራችን አስተረጎመልኝ።

«ቤቱ የታሰረበትን ገመድ አትቁረጠው፣ ፍታው ነው የሚሉህ።»

ደሜ ፈላ። እሳት ካየው ምን ለየው፣ አሁን ስለ ገመድ የሚወራበት ሰዓት ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እሱ ቶሎ ቶሎ አስረዳኝ፤ ቤቱ የሴቲቱ ነው፣ ስትዳር እናቷ የሰጠቻት። ገመዱ በእጅ የተገመደ ነው። በግመል ተጭኖ የሚዞር፣ ተፈትቶ የሚተከል ቤት ነው፤ ከተቆረጠ ግን የማገዶ ክምር ሆኖ ይቀራል።

እስቲ ያሳዩኝ አልኳቸው። አሮጊቷ አንዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ቋጠሮው እንደ ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። ጉድ ነው መቼም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስጠይቅ ለኖርኩት መልሱ እሱ ነበር። ጓደኞቼ በቀረችው ውሃ እሳቱን ሲያዘገዩ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ፈታሁ። ሰሌኑ ወረደ፣ እንጨቱ ተነቀለ፣ ጎትተን አራቅነው። እሳቱ ሲደርስ ያገኘው ባዶ መሬት ነው፤ እዚያው ከሰመ።

ባለቤቲቱ መጣች። ቤቷ የነበረበትን ክብ መሬት አይታ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ከዚያ ክምሩ ጋ ሄዳ ገመዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ማን ፈታው ስትል ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። እርግማን ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን የገመዱን ጫፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠች፤ ሾፌሩ የተናገረችውን ነገረኝ።

«የፈታኸውን እሰር። ልጆቼ ማደሪያ ይፈልጋሉ።»

አሰርኩ። አስተሳሰሬን አይታ ሳቀችና ፈትታ ራሷ ደግማ አሰረችው። እኔ በር ሰብሬ፣ ጣሪያ አፍርሼ ስንት ጊዜ ተመስግኛለሁ። ያፈረስኩት ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሶ ሲቆም ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጆቿ እየተሽቀዳደሙ ገቡ።