ያልተጠራው ቁመት

ስቴሪዮስኮፕ የሚባለው መሣሪያ እግር ያለው መነጽር ነው። ከሥሩ ከአውሮፕላን የተነሱ ሁለት የአንድ ቦታ ፎቶዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አጎንብሰህ ስታይ ሁለቱ አንድ ይሆኑና ጋራው ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ይላል ነው የሚባለው። ለእኔ አልተነሳም። ቅየሳ መማር እንደጀመርን ሦስት ቀን ሙሉ አጎነበስኩ፣ ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጠጥኩ፤ ያየሁት ሁለት ጠፍጣፋ እንጦጦ ነው። በአራተኛው ቀን መምህራችን «ታየህ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩና ተገላገልኩ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ግን መሣሪያውንም አልፈለገው። ፎቶዎቹን ከፊቱ አድርጎ ዓይኑን ትንሽ ሸወር አደረገና «ይኼኛው ገደል ከዚያኛው ይጠልቃል» አለ። መምህራችን ከካርታ ጋር አመሳከሩት፤ ልክ ነበር። ክፍሉን ሁሉ ጠርተው አሳዩት። እንዴት አድርጎ እንደሚያይ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ፣ እ... ማለቴ፣ ዝም ብዬ ነው የማየው» አለ። አንጀቴን ያሳረረው ይኼ ዝም ብሎ ማየቱ ነው። ቢለፋበት ኖሮ ይቅር እለው ነበር።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የጥለት ክር ሲቆጥር ያደገ። እኔ ደግሞ ጳውሎስ አካባቢ፣ አያቴ በሠሩት ግቢ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ካርታ ቀድሞ ሊገባ የሚገባው ለእኔ ዓይነቱ ነው ብዬ አስብ ነበር። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። እናቴ ደግሞ ነገሩን አባባሰችው። አንድ ቀን ለጥናት ቤት ብወስደው የበላበትን ሳህን አጥቦ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ያ ልጅ ደህና ነው?» ትለኛለች። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የጸለየ አይመስለኝም፤ ግን አላሳጣውም።

አንድ ቀን መምህራችን ክረምት ላይ በድሮን ካርታ የማንሳት ሥራ እንዳላቸውና አንድ ረዳት ብቻ እንደሚወስዱ ነገሩን። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ተዳፋት ሁላችንም ድርሻ ድርሻችንን እንለካለን፤ ካርታው የተሻለ የሆነለት ይሄዳል። ድሮን ነክቼ አላውቅም፤ በጣም ተመኘሁት። እሱ እንዳያገኘው ግን ከዚያም አብልጬ ተመኘሁ።

ሁለት ሁለት ሆነን ወጣን። ጠዋት እሱ የራሱን ድርሻ ሲለካ እኔ ፖል እይዝለታለሁ፤ ከሰዓት እንቀያየራለን። አንዱ ቶታል ስቴሽን የሚባለው ባለ ሦስት እግር መለኪያ ጋ ቆሞ ያነጣጥራል፤ ሌላው ጫፉ ላይ አንጸባራቂ መስታወት ያለበትን ቀይና ነጭ ፖል ይዞ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይሄዳል። ፖሉ ይረዝማል፣ ያጥራል። ቁመቱን ከቀየርክ መጣራት አለብህ፤ ለኪው ቁጥሩን መልሶ ይጠራልህና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። መሣሪያው የሚለካው መስታወቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። መስታወቱ ከመሬት ስንት እንደራቀ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ፖል ያዡ ነው።

አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ነበርን። ገደሉ አፋፍ ስደርስ ቁጥቋጦ ጋረደኝና ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጨመርኩ። መጣራቱን ረሳሁት። ይኼ እውነት ነው፤ የመጀመሪያውን ነጥብ ረስቼው ነው። ሁለተኛው ላይ ትዝ አለኝ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ታች መምህራችን አጠገቡ ቆመው ትከሻውን ቸብ ቸብ ሲያደርጉት አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ሦስተኛውንም አራተኛውንም ዝም ብዬ ያዝኩለት፤ ከዚያ ፖሉን ወደነበረበት መለስኩ።

ከሰዓት እሱ ያዘልኝ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች በመሀላችን ሲያልፉ እንኳ ድምፁ ይደርሰኝ ነበር፤ «ሁለት ሜትር ሆኗል፣ ሁለት ሜትር። ሰማህ?» እስክመልስለት ከቦታው አይነቃነቅም።

ካርታዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። የእሱ ከሁሉም ያማረ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ጆሮ ደግፍ እንደያዘው ጉንጭ፣ አብጧል። መምህራችን ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ይኼ ጉብታ የት ነው ያለው?»

«የለም» አለ። «በዓይኔ ሳየው የለም፣ ልኬቱ ላይ ግን አለ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።»

ከእሱ ቀጥሎ የተሻለው የእኔ ካርታ ነበርና ዕድሉ ለእኔ ሆነ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እስከ ታክሲ ተራ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታክሲ ተራው ጋ ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። «እስቲ አንተ እየው። ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ እኔ አጣሁት።»

ተለያይተን ታክሲ ውስጥ መቀመጫዬን ይዤ ገለጥኩት። የቀያሽ ደብተር ላጲስ አይነካውም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ የተሰረዘውም እንዲነበብ። ቁጥቋጦው ጋ የያዝኩለት የመጀመሪያ ነጥብ ላይ 1.80 ብሎ ጽፎ ሰርዞታል። ከላዩ 1.50 ይላል። ከዳር በኩል በደቃቃ ፊደል፦ «የረዘመ መስሎኝ ነበር። ቢቀይረው ይጠራልኝ ነበር።»

መልሱ እጁ ላይ ነበር። ከዓይኑ ይልቅ እኔን አመነ። ያ ሁሉ ሰው የተደነቀበት ዓይን።

በእርሳስ ነው የተጻፈው፤ ቤት ላጲስ ነበረኝ። አላሰብኩበትም አልልም።

በማግስቱ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። አባቱን ተክቶ እየሸመነ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ከረሳሁበት ጀምሮ አፌን እስከዘጋሁበት። መወርወሪያውን አስቀመጠና ደብተሩን ተቀብሎ እርሳስ ጠየቀኝ። አራቱን 1.50 በአንድ በአንድ መስመር ሰረዘና ከላያቸው 1.80 ጻፈ።

«ሌላ ነጥብ አለ?»

«የለም።»

«ለመምህሩ አንተ ንገራቸው» አለና ወደ ሽመናው ተመለሰ።

ነገርኳቸው። ያን ክረምት ድሮኑን ያስነሳው እሱ ነው። እኔ ቤት ተቀምጬ፣ እናቴ «ያ ልጅ ሥራው ተስማማው?» እያለችኝ ከረምኩ። ቅናቱ እስካሁን አለቀቀኝም፤ እሱም አኩርፎኝ አያውቅም፣ ይኼም ራሱ ያስቀናኛል።

ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራችንን አብረን ነው የምንሠራው፤ መምህራችን ናቸው ያጣመሩን። ፖል ስይዝለት በየነጥቡ ከሩቅ ይጣራል፤ «ቁመት ስንት ነው?» ባልቀይረውም ይጠይቀኛል። «አንድ ከሃምሳ» እለዋለሁ። ድሮ አይጠይቀኝም ነበር።