ዘንጉ እስኪገጥም

ግራ እግሬ የከዳኝ ከጭነት ላይ ወድቄ ነው። ዲክሲስ ላይ ገብስ ጭኜ፣ ከላይ ሆኜ ሸራውን ስወጥር ገመዱ አመለጠኝና ወደ ኋላዬ ሄድኩ። አጥንቱ ተጠግኖ ዳነ፤ ነርቩ ግን አልተመለሰም። እግሬ ይሸከመኛል፣ በከዘራም እሄዳለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ግን አይታዘዝም። አሰላ ያየኝ ሐኪም እግሬን በመዳፉ ይዞ ግፋኝ አለኝ። ባለኝ አቅም ሁሉ ገፋሁት። እሱ መግፋቴንም አላወቀም ነበር። ትንሽ ጠብቆ፣ "እሺ፣ አሁን ግፋ" አለኝ።

ያኔ የመኪናዬን ፍሪሲዮን በዚህ እግር መርገጥ እንደማልችል ገባኝ።

ፒካፕ መኪናዬ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። ኑሮዬ በሙሉ በእሷ ላይ ነበር፤ ከጢቾ ገበያ አሰላ፣ ከዲክሲስ አሰላ፣ አንዳንዴም ቁልቁል እስከ ኦጎልቾ፣ እህልም ይሁን የቤት ዕቃ የተገኘውን እየጫንኩ። ከቆመች በኋላ ጠዋት ጠዋት ገብቼ ሞተሩን አስነሳለሁ። ለሚጠይቀኝ ሰው ባትሪው እንዳይሞት ነው እላለሁ። ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች። ሞተሩን አጥፍቼ ስገባ ሻይ ተቀድቶ ይጠብቀኛል፤ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

መላውን ያመጣው አብሮ አደጌ ነው፤ ከከተማው መውጫ ላይ ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ። አዲስ አበባ ውስጥ ተገጭታ ከተበተነች የእኔዋ ዓይነት መኪና የወጣ፣ ማርሽ ራሱ የሚቀይር አውቶማቲክ ካምቢዮ መኖሩን ሰምቶ፣ ሥራውን ጥሎ ቤታችን መጣ። ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ግራ እግር አይፈልግም።

"ቀኝ እግርህ ጤነኛ ነው አይደል?" አለኝ። "እሱ ይበቃሃል።"

ባለቤቴ ነገሩን አልወደደችውም። የዲክሲስ ልጅ ናት፤ የልቧን መናገር ስትፈልግ አማርኛውን ትተዋለች። እንግዳው ከሄደ በኋላ በኦሮምኛ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አስታምሜ ያስነሳሁህ መልሼ መኪና ላይ ልሰቅልህ አይደለም አለችኝ። ቤት መዋሉ ከውድቀቱ ብሶብኛል አልኳት። ሁለታችንም እውነት ስለነበረን ማንም ማንንም አላሳመነም። ካምቢዮው መጣ፣ መኪናዋም ጋራዥ ገባች። እሷ ምሳ እያመጣች ታቀብለንና መኪናዋን ዘወር ብላ ሳታይ ትመለስ ነበር።

ካምቢዮው ቦታው ላይ ያለ ብዙ ችግር ተቀመጠ። ያስቸገረን ከእሱ ተነስቶ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ረጅሙ ዘንግ ነው። አውቶማቲኩ ከድሮው ስለሚረዝም ዘንጉ ማጠር ነበረበት። የዘንጉ ጫፍ ላይ ውስጡ ጥርስ የሆነ ቱቦ አለ፤ እኛ አንገት እንለዋለን። አንገቱ ካምቢዮው ጅራት ውስጥ ይገባል። መኪና ሲነጥር የኋላው ጎማ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንገቱም እየገባና እየወጣ መሥራት አለበት። በደንብ ካልገባ ጉድጓድ ላይ ተመዝዞ ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከገባ ደግሞ መሸሻ ያጣና ካምቢዮውን ከውስጥ ይሰብረዋል።

የድሮው አንገት ጥርሱ ከአዲሱ ካምቢዮ ጋር አልገጠመም፤ ልኩን አዳማ አገኘን። ጓደኛዬ በእጁ ሲገፋው ሳይታገል ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ እኔን ያዘው አለኝ። መኪናዋ ሥር ካርቶን ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ግራ ቀኝ ነቀነቅኩት፤ አይወላወልም። ከተኛሁበት ሆኜ ዘይት ሲሸተኝ፣ እግሬ ከከዳኝ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክረምት ስለነበር የጋራዡ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶታል። ስለዚህ መኪናዋን በክሪክ አንስተን፣ ድጋፍ አድርገን፣ ከታች ገብተን ለካን። ዘንጉ አዳማ ቶርኖ ቤት ተቆርጦ፣ አጥሮ ተመለሰ። ጓደኛዬ አንገቱን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ካስገባ በኋላ የአውራ ጣት ስፋት ያህል መለሰው፤ ከኋላ ያሉት ቡሎኖች ልክ ገጠሙ። ልክ ነው ብሎ ወጣ። መኪናዋን ከድጋፉ አወረድናትና ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ስንለካ ጎማው ተንጠልጥሎ ነበር" አለ።

ተጠግቼ አየሁ። ጎማው መሬት ሲረግጥ አንገቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የተውነው ክፍተት ጠቧል። ባዶዋን እንዲህ ከሆነች እህል ስትጭንስ አልኩት። ያንን ሳናይ አንወስንም አለ። ግን አዝመራው ገና ማሳ ላይ ነው፤ በዚያ ወቅት ያን ያህል ጆንያ ከየት ይመጣል? ዙሪያውን ቃኘና ሰው መጥራት ጀመረ።

መጀመሪያ የጋራዡ ሠራተኞች በጆንያው ፈንታ ፒካፑ ላይ ወጡ። ቀጥሎ ዝናብ አስጠልሎት የነበረ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ጃንጥላውን እንደያዘ ወጣ። ከፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሽማግሌ ምን እንደሚደረግ ሊያዩ ተሻግረው መጡ። "ጋሼ፣ እርስዎም ይውጡልን" አላቸው ጓደኛዬ። እሳቸው ክብደቴ ለሥራ ሲፈለግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው እያሉ ተደግፈው ወጡ። እኔና ጓደኛዬ ከታች ገባን። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጫን ይሰማል፤ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ከመኪናዋ ሥር የሚታየኝ የሰው እግር ብቻ ነበር። የባለቤቴ ጫማ ጭቃው ላይ መጥቶ ቆመ። ምን እያደረጋችሁ ነው ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ከላይ ሆነው፣ መኪናዋ ጭነት ትችል እንደሆነ እያየን ነው፣ እንዳትሰበርበት አሏት። የምሳ ዕቃው መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁ። ጫማዋ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ከዓይኔ ጠፋ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ዝቅ አለች።

"ወጥቻለሁ" አለች በኦሮምኛ። "አሁን በደንብ እይ።"

ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ወዲያው አላየሁም። ጓደኛዬ ነው እጄን ይዞ ያስነካኝ። ክፍተት የሚባል የለም፤ ጥፍር አያስገባም። በዚያ ሁኔታ ብጭን ኖሮ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ካምቢዮው ይሰበር ነበር።

ጓደኛዬ ከሥር ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል። ልኩን አውቃለሁ ብዬ ቸኮልኩ፣ እንደገና ማጠር አለበት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ፤ የሚናገረው ለእኔ ሳይሆን ወደ ላይ ቀና ብሎ ለእሷ ነበር። እሷ መንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ መታወቁ ተመስገን ነው አለችው። ቀጥላም የምሳ ዕቃውን አቀብሉኝ አለች። ለሁለት ሰው የመጣው ምሳ እዚያው ፒካፑ ላይ ለሁሉም ተቆረሰ።

ዘንጉ ድጋሚ አዳማ ሄዶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ከመጀመሪያውም የተለካው ጎማው መሬት ረግጦ ነው። ሲገጠም ያው ሰዎች ሳይለመኑ መጥተው ወጡ፤ መምህሩ ባልደረባውንም ጨመረ። ጣቴን ሰደድኩ፤ ገባ። ሲወርዱም አንገቱ ብዙ ሳይመዘዝ ጥርሱን ይዞ ቀረ።

የመንጃ ፈቃዴ ነገር በሐኪም ታይቶ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ አንድ እሑድ ባለቤቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ዲክሲስ መንገድ ወጣሁ። መኪናዋ አልተንቀጠቀጠችም፣ ከሥርም ድምፅ አልነበረም። ካምቢዮው ማርሽ ራሱ በቀየረ ቁጥር ግራ ጉልበቴ ብድግ ይላል፤ የሌለውን ፍሪሲዮን ይፈልጋል። እሷ አይታው፣ "አርፎ ይቀመጥ በለው" አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አሁን እጭናለሁ፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ጭነት ላይ አልወጣም፤ ሸራውን ሌላ ሰው ነው የሚያስረው። ብርድ ሲበረታ ግራ እግሬ እየቆረጠመኝ አላስነዳ ይለኛልና ረጅም መንገድ እተዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ከጢቾ ስንመለስ እንደዚያ ሆኖብኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ እግሬን እያሸችልኝ፣ ይህ መኪና ፍሪሲዮን ከሌለው ለእኔስ ምኑ ይከብደኛል አለችኝ። በማግስቱ ሜዳ ወስጄ አሳየኋት። ፍሬኑን አጥብቃ ስለምትረግጥ ግንባሬን ልትሰብረኝ ነበር። አሁን የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀምራለች፤ እኔ ከጎን ተቀምጬ ቀስ በይ እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ዝም በል ትለኛለች።