ትምህርቱ እስኪያልቅ

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ስመለስ አንድ ፖሊስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ዝናብ መትቶት ነበር። ከዝናብ ልብሱ የረጠበ ላስቲክ፣ ከጫማው ደግሞ የቀለም ሽታ መጣ። ሰውየው ምንም አላደረገኝም። እንዲያውም ቦርሳዬን ተቀብሎ ከላይ ሰቀለልኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እስከ ደጀን ድረስም አንገቴን አልመለስኩም።

አባቴ ፖሊስ ነበር።

ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ጉሙ ከተራራው ሲወርድ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ እስከ ረፋድ አይታይም ነበር። አባቴን አገሩ ሁሉ «ሳጅን» ይለዋል። የሰከረ ሰው ሲያገኝ ደግፎ ቤቱ ያደርሰዋል እንጂ አያስረውም። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፉ ገበሬዎች ከጣቢያው በፊት እኛ ደጅ ይመጡ ነበር። እሱም ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያናግራቸዋል። ልጅ ሳለሁ ፖሊስ ማለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ወንጀል ሆነ፤ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝም ተፈቀደ። ኢንተርኔት ጠፋ። ስልክ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስለ አባቴ በቀጥታ የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን ጎረቤቶቻችን በአጥር በኩል እያወሩ እኔ ብቅ ስል ዝም ይሉ ጀመር። እናቴን ለማኅበር ይጠሯት የነበሩ ሴቶች መጥራት ተዉ። የሰፈራችን ውሾች እንኳን የጣቢያውን ፒክአፕ ድምፅ ለይተው አወቁት፤ ከሩቅ ሲሰሙት መጮኽ ትተው ከአጥር ሥር ይገባሉ።

አባቴ ድምፁን ከበፊቱም ይበልጥ ዝቅ አደረገ። ምሽት ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። እናቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ደክሞኝ ነው» ይላል።

በግንቦት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። በዚያው ወር የፊዚክስ አስተማሪያችንን ከቤቱ ወሰዱት፤ የት እንደገባም አልታወቀ። ጓደኞቹ መምህራን በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበው «ወንድማችን የት እንዳለ ይነገረን» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው እጅ ጽሑፍ የኬሚስትሪ መምህራችን ነበር። ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ፊደሎቹ እንደ ታተሙ ነበሩ፤ ያን እጅ ጽሑፍ የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ እየጮኸ ነበር የሚያስተምረው። በመሃል ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት ልጆች ዝም አሉ፤ ዝምታው ረድፍ በረድፍ እየተቀባበለ እኔ ጋ ደረሰ። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ውሃው ከዝናብ ልብሱ ጫፍ እየተንጠባጠበ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ።»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆየ። መጀመሪያ ወደ ኋለኛው መስኮት አየ፤ ከዚያ ወደ አባቴ።

«ሳጅን፣ ክፍለ ጊዜዬ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ልጨርስላቸው?»

አባቴ ሰዓቱን አየ። ከጊቢው ውጭ የቆመው ፒክአፕ ጥሩምባውን ነፋ።

«ይጨርሱ፤ እጠብቃለሁ» አለና በሩን መለስ አድርጎ ዝናቡ ላይ ቆመ።

መምህሩ ሃያ ደቂቃ አስተማረ። ያን ቀን የጻፈልን ዛሬም በቃሌ አለ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጸጥ ብለን የሰማነው ትምህርት የለም። ጥሩምባው ሁለቴ ሦስቴ ተነፋ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም፤ በበሩ ክፍተት ትከሻው ብቻ ይታየኝ ነበር። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ግን ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ደወሉ ሲደወል መምህሩ ጠመኔውን ከእጁ አራገፈ፣ ሰሌዳውን ራሱ አጠፋ፣ ወጣም። አባቴ ካቴና አላወጣም። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ወደ አንድ ቦታ እንደሚሄዱ ሆነው ጎን ለጎን ሄዱ።

ማታ አባቴን ጠየቅሁት።

«ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ወሰድከው?»

«እኔ ባልሄድ ሌላ ይሄድ ነበር። ሌላው ደግሞ አይጠብቀውም፤ በፊታችሁ ይጎትተው ነበር።»

«ለምን አትተወውም ሥራውን?»

«እኔ ብወጣ በእኔ ቦታ ማን የሚገባ ይመስልሻል?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባዬ» ማለት ተውኩ።

ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። መምህሩ በከተማው ዘመድ ስላልነበረው እናቴ ድንች ወጡን በሳህን ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ ያዘዛት አባቴ ነው። በጣቢያው አጥር ቀዳዳ መምህሩ ሳህኑን ሲቀበለኝ «አጥንተሻል?» ይለኛል። ሁልጊዜ ይህንኑ ብቻ። እኔም «አዎ፣ ቲቸር» እላለሁ። ከኋላው ያለው ክፍል ጨለማ ነበር፤ ከዚያ ጨለማ ውስጥ የብዙ ሰው ሳል ይሰማል።

በሦስተኛው ሳምንት ምሳውን ይዤ ስደርስ ሳል የለም። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጭቃው ላይ የትልቅ መኪና ጎማ አርሶ አልፏል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በእጁ የስም ዝርዝር የያዘ ወረቀት አለ፣ ዝናቡ ቀለሙን እያፈሰሰው።

«ሳህኑን ይዘሽ ተመለሺ» አለኝ።

«የት ወሰዷቸው?»

«ተመለሺ አልኩሽ።»

ስሞቹን እያነበበ ያስወጣቸው እሱ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ቤት ሲገባ ጠዋት ደርቦት የወጣው ጋቢ አልነበረም። እናቴ «ጋቢህስ?» አለችው። «በርዶት ነበር» አለ እንጂ ማንን እንደሆነ አልተናገረም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። እኔ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንድ ቀን የመመረቂያ ጽሑፌን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ከጊቢው አጠገብ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ስገባ ከማሽኑ ጀርባ ቀና ያለው ሰው መምህሬ ነበር። ፀጉሩ ከላይ ከላይ ሸብቷል። ስሜን ሳይሳሳት ጠራኝ።

«በቀኝ በኩል ሁኚ፤ በግራው አይሰማኝም» አለ። ለምን እንደማይሰማው አልጠየቅሁም። ወደ ማስተማሩ እንዳልተመለሰ ነገረኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን እያስተካከለ «አባትሽ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። ቲቸር፣ አባቴ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ወይስ ሲያመሰግነው ልሰማ ፈልጌ ነበር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ያን ጠዋት ሊመጡብኝ እንደሚችሉ ሰምቼ ነበር» አለኝ። «የኋለኛውን መስኮት ከፍቼው ነው ያስተማርኩት። ከበስተኋላ አጥር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ከገባሁ ማን ያገኘኛል? ሌላ ሰው ቢመጣ እዘልል ነበር። በሩ ላይ አባትሽን ሳይ ግን... ይሄ ሰው ክፉ ነገር ይዞ አይመጣም አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሲጠብቀኝ ደግሞ ጭራሽ አመንኩት።»

ማሽኑ ወረቀት ይተፋል፤ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ይመጣል።

«አልተቀየምኩትም» አለ በመጨረሻ። «ጥሩ ሰው ነው። ለዚያ ነው የሄድኩት።»

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ዓይኑም እየደከመ ነበር። በቀረበው ማዕድ ላይ እጁን ሳይዘረጋ ቆየ።

«መምህሩን አገኘሽው አሉ» አለኝ።

«አግኝቼዋለሁ።»

«ስለ እኔ... ያለው ነገር አለ?»

እናቴ አቀርቅራለች። እኔ የአባቴን ፊት አየሁ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ፤ አርጅቶ ነበር።

«ደህና ነው፣ አባዬ። ሰላም በይልኝ ብሎሃል» አልኩት።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ውሸት ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። እንዳላመነኝ አውቃለሁ። «እግዚአብሔር ይስጠው» አለ፤ ቀስ ብሎም ከወጡ ጥሩ ጥሩውን ወደ እኔ በኩል ገፋ አደረገልኝ።