በቅን ልቦና የተዘጋ በር

ታላቅ እህቴ ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሶማሌ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግታ ጥልፍ ትሠራ ነበር። ናይሮቢ ያሉ የእኛ ሰዎች ሠርግ ሲደርስባቸው ቀሚሳቸውን ይዘው እሷ ጋ ይመጣሉ። ሁሉንም በእጇ ነው የምትጠልፈው። ማሽን ግዢ ስላት፣ «ማሽን የጠለፈው ሲታጠብ ይጨማደዳል» ትለኝ ነበር።

አንድ ረፋድ የአካባቢው አስተዳደር ደንብ አስከባሪዎች፣ እዚህ አስካሪ የምንላቸው፣ በፒክአፕ መጥተው መንገድ ዳር የተዘረጋውን ሁሉ እየለቀሙ መጫን ጀመሩ። እኔ ፓርክላንድስ ቢሮዬ ነበርኩ፤ የሆነውን የሰማሁት ከእሷና ከባለሱቁ ነው። ጠረጴዛዋን ሲወስዱ ዝም አለች። ክሯን ሲወስዱም ዝም አለች። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሲወረውሩ ግን የሰው አደራ ነውና ለማውጣት ቀኝ እጇን ወደ መኪናው ኋላ ሰደደች። አንደኛው አስካሪ የብረቱን በር ዘጋባት። ጮኸች። ሰውየው በሩን ከፍቶ እጇን አየ፤ ፊቷንም አየ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

ሐኪሞቹ አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን አተረፉላት። የመሐሎቹን ቆረጡ። ገና ፋሻው ሳይለወጥ ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ሆስፒታል መጣች። ብርቱካን ይዛለች። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ «እግዚአብሔር ይማርሽ። ቀሚሴስ ታዲያ እንዴት ይሆናል?» አለቻት።

የያዝናት ጠበቃ ፈጠን ፈጠን የምትል ኬንያዊት ነበረች። ሰውየውንም የቀጠረውን አስተዳደርም እንደምንከስ ነገረችን። እህቴ የፈለገችው ግን ሰውየውን ብቻ ነው።

«መሥሪያ ቤት እጅ የለውም» አለች። «በር አይዘጋም።»

ለሁለቱም ተከሳሾች የቆመው አንድ ጠበቃ ነበር፤ ሽቅርቅር ያለ፣ ድምፁ የማይጮህ ሰው። መጀመሪያ ስለ አስካሪው ተናገረ፦ ሥራውን በቅን ልቦና ሲሠራ የነበረ ሠራተኛ በግሉ አይጠየቅም፤ ሕጉ ይጠብቀዋል። ውሃ ተጎነጨና ደግሞ ስለ አስተዳደሩ ቀጠለ፦ አስተዳደሩ ያዘዘው መንገድ እንዲጸዳ እንጂ እጅ እንዲሰበር አይደለም፤ የተባለው ተደርጎ ከሆነ ሰውየው በራሱ ያደረገው ነው። ሁለቱንም እዚያው ቆሞ፣ በዚያው ድምፅ ተናገረ።

እህቴ የምትመሰክርበት ቀን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠፋ። የእሷ ስዋሂሊ የገበያ ነው፤ ለፍርድ ቤት አይሆንም። ጠበቃችን ቀጠሮ እንዳይራዘም ብላ እኔን አቀረበችኝ። ወንድሟ መሆኔን ስትናገር ዳኛው ወደ ተከሳሾቹ ጠበቃ ዞሩ። እሱ ፈገግ አለ። «እኛ ምንም ተቃውሞ የለንም» አለ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ልተረጉም ማልኩ። ከዚያ የተከሳሾቹ ጠበቃ ጥያቄ መጣ።

«ከስንፍናሽ የተነሣ ሱቅ መከራየት ትተሽ መንገድ የዘጋሽው አንቺ አይደለሽም?» አልኳት፣ የሱን ቃል በእኔ አፍ።

ወደ ጠበቃው አላየችም። እኔን አየችኝ። «አይደለሁም» አለች።

«ካሳ ለማግኘት ብለሽ እጅሽን ሆን ብለሽ አላስገባሽም?»

«ይሄን የሚለኝ አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አለችኝ።

ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩት። ጠበቃው፣ «ንገራት፣ መልሱን ትስጥ» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። የተቆረጠውን እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ መለሰች፤ «ወንድሜ፣ በዚህ እጅ ነው ያሳደግኩህ።» እሱንም ቃል በቃል አልኩት። ጠበቃው ይህ መልስ አይደለም ብሎ እንዲሰረዝለት ጠየቀ። ዳኛው ሰረዙት።

ሲጨርስ፣ አስካሪው የሠራው በቅን ልቦና እንደነበር ታምን እንደሆነ ጠየቃት። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ግራ ገባት። ቅን የሚለውን ቃል የምታውቀው ከጸሎት ነው።

«ቅን ልብ?» አለች። «የሱ ልብ?»

ጠበቃው ጨርሻለሁ ብሎ ተቀመጠ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ደረሰብኝና እጁን ዘረጋልኝ። አተረጓጎሜ በጣም ንጹሕ እንደሆነ፣ ሌሎች ጉዳዮች ላይም ሊጠራኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እህቴ አጠገቤ ቆማለች። ምን እንዳለኝ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

በሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ ያየ ሌላ ሰው ባለሱቁ ነበር። እንዲመሰክር ልለምነው ደጋግሜ ሄድኩበት። ሻይ ጋበዘኝ፤ ከልቡ አዘነ። በመጨረሻ፣ «ወንድሜ፣ የንግድ ፈቃዴን የሚያድሱት እነሱ ናቸው። ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልመጣም።

ውሳኔው ሲነበብ ጠበቃችን በሹክሹክታ ታስረዳኝ ነበር። በሩ ሁለተኛ ጊዜ ስለመዘጋቱ ከከሳሽዋ ቃል በቀር ማስረጃ የለም። ክፋት ስላልታየ አስካሪው በግሉ ነጻ ነው። አስተዳደሩ ግን የከሳሽን መብት ስለጣሰ ካሳ ይክፈል። ጠበቃችን በደስታ ክንዴን ያዘች። ለእህቴ ስነግራት፣ «ሰውየውስ?» አለች።

«ነጻ ወጥቷል።»

«ይቅርታ በላት አላሉትም?»

«አላሉትም።»

አስተዳደሩ ይግባኝ አለ። ጠበቃችን እንደምትለው ይግባኙን ብናሸንፍ እንኳ የመንግሥት ንብረት እንደ ግለሰብ ንብረት በፍርድ ቤት ትእዛዝ አይያዝም፤ ፈቅደው እስኪከፍሉ መጠበቅ ነው። እህቴ ስለ ጉዳዩ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ሁርሊንግሃም አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ በግራ እጇ ሽንኩርት ትልጣለች።

ባለፈው ለቤት መጋረጃ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት ኢስትሊ ሄድኩ። በሩን የዘጋባት አስካሪ የልብስ ተራው ጥግ ቆሞ ነበር፤ ትከሻው ላይ አዲስ የማዕረግ ምልክት አለ። አወቃት። ፊቱ ላይ ሐፍረት ፈለግሁ፤ አልነበረም። ጎረቤት እንደሚጠይቅ በስዋሂሊ ጠየቃት፦ «ማማ፣ እጅሽ ተሻለሽ?»

«ተሽሎኛል» አለችው።

ቆሜ ቀረሁ። እሷ እጅጌዬን ሳበችኝ።

«ና» አለች፣ «ዝናብ ሳይጥል ማታቱ እንሳፈር።»

መጋረጃውን ሳንገዛ ተመለስን።