የአጥንት ዱቄት

ወተት ሻጯን ለሰው ቋጣሪ ናት ይሏታል። ወተት ስትሰፍር ጠብታ አታተርፍም። ላሟ ከከበደች ወዲህ ግን መኖዋ ላይ እፍኝ ሙሉ የአጥንት ዱቄት ሳትነሰንስላት ውላ አታውቅም። ወተት ከአጥንት ነው የሚወጣው፣ አጥንቷ አስቀድሞ ይጥገብ ባይ ናት።

«ለእኔ ወገብ እንዲህ የሚያስብ በተገኘ!» ይላል ባሏ።

«አንተ ትታለባለህ?» ትለዋለች።

ላሟ በሰላም ወለደች። በማግስቱ ወተት ሻጯ ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ግን ላሟ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ብትገፋት፣ ብትለምናት፣ ወይ ፍንክች! ወተት ሻጯ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሌላ ላም የላት፣ ሌላ ሥራ የላት።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ እያለ ይሰጣት ጀመር።

«ሳትወልድ ምን ያበሏት ነበር፣ እናቴ?»

«ምን ያልሰጠኋት አለ! የአጥንት ዱቄት፣ በየቀኑ።»

«እሱ ነዋ የጣላት። ካልሲየሙ ከመኖው እንደ ልብ ሲመጣላት አንጀቷ አጥብቆ መምጠጡን ተወ፤ አጥንቷም ያለውን ማውጣት ረሳ። ወተቱ በድንገት ሲወርድ ደሟ ውስጥ ያለው አለቀ። መውለጃዋ ሲቃረብ ቀነስ ቢያደርጉባት ኖሮ ሰውነቷ ከራሱ ማውጣትን ይለምድ ነበር። ዱቄቱ የሚሰጠው ከወለደች በኋላ ነው።»

«ሊኩሏት ዓይኗን አጠፏት ማለት ይኼ ነው» አለ ባሏ።

ሌላ ቀን ቢሆን አፉን ታስይዘው ነበር። ዛሬ ግን እውነቱን ነውና የላሟን ቀዝቃዛ ጆሮ ታሽ ጀመር።

ላሟ አገሳች፤ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ከኋላዋ ተነሥታ፣ ተንገዳግዳ ቆመች። ባሏ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ወተት ሻጯ ግን በደስታዋ መሀል ክው አለች። ታናሽ እህቷ! የእህቷም ላም መውለጃዋ ደርሷል፤ ምክሩን የሰጠቻት፣ ዱቄቱንም ተሸክማ ያደረሰችላት ራሷ ናት።

የበረት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሮጠች። እህቷን እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ፊቷ በርቶ አገኘቻት። ከላሟ ኋላ የጥጃው ኮቴዎች ብቅ ብለዋል።

«እትዬ፣ እግረ እርጥብ ነሽ! ልክ ስትወልድ ደረስሽ።»

«ዱቄቱን ሰጥተሻታል?»

«እንዴት እረሳለሁ? ሰሞኑንማ እጥፍ አድርጌላታለሁ።»

«ሐኪም ጥሪ» አለች ወተት ሻጯ፣ የበረቱን በር ይዛ።

«ምነው? ምን ሆና?» እህቷ አሁንም ትስቃለች። «አንቺ እንዳልሽኝ አድርጌ የለ?»