ጉልበት ያጠራቀምኩበት ክረምት

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን ተሸካሚ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ተገድጄ ነው። ስለ ጆንያ ግን የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክረምት ሲገባ ከአጋሮና ከየቡ የሚመጣው ቡና ይቆማል። እኛ ተሸካሚዎችም እንተኛለን። ስንፍና አይደለም፣ ወጋችን ነው። ጉልበት እንደ እህል ይጠራቀማል ብለን ገንፎ በቅቤ እየበላን ለኅዳር እናስቀምጠዋለን።

በዚያ ዓመት አለቃችን ካቦው ሰው ሊቀንስ ነው ተባለ። አዲሱ ቡና ሲገባ ጆንያ ተሸክሞ፣ በሳንቃው እየወጣ፣ ሳያርፍ አሥር ጊዜ መኪናው ላይ ያልጫነ መጥረጊያ ይይዛል። ኤጋ፣ እንግዲህ እኔ ከሁሉም አብልጬ ተኛሁ።

ቀበሌው ደግሞ በየማለዳው ሕዝቡን ሜዳ አውጥቶ ያዘልል ነበር። የሚያዘልለው ቀጭን የስፖርት መምህር ነው። ጡንቻ የሚሠራው ደም ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጂን የሚባለውን ሲያመጣለት ነው አለን። ካሠራኸው ልብህ ብዙ ደም መግፋት፣ ጡንቻህም ያንን አየር አሟጦ መጠቀም ይለምዳል፤ ካስተኛኸው ይረሳል።

«ጓድ፣ በአየር ከሆነማ አፌን ከፍቼ ነፋስ ላይ ብቆም አይበቃም?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ስሜን ግን መዘገበ። ከዚያ ወዲያ ወገቤን አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

አብሮኝ የሚሸከመው ጎረቤቴ ፈሪ ስለሆነ አንድ ቀን አልቀረም። እንቁራሪት ልትሆን ነው ወይ እያልኩ አሾፍበታለሁ።

«ማሎ፣ ተው እባክህ፣ ከመታሰር መዝለል ይሻላል» ይለኛል።

ኅዳር መጣ። በአራተኛው ጆንያ ጭኔ ተቃጠለ። በአምስተኛው ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አፌን ከፈትኩ፤ አየሩ ሞልቷል፣ እግሬ ግን አላወቀበትም። በስድስተኛው ጉልበቴ ከዳኝና ጆንያውን ሳንቃው መሀል አወረድኩት። ጎረቤቴ አሥሩን ጨርሶ እያወራ ወረደ። ካቦው በአገጩ መጥረጊያውን አሳየኝ።

ቤት ስገባ፣ ያን ሁሉ ገንፎ ያገነፋችው ሚስቴ፣ «ያጠራቀምከው የት ገባ?» አለችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ጠረግሁ። በሚቀጥለው ክረምት ለማንም ሳልናገር ከሜዳው መጨረሻ ረድፍ ቆሜ ዘለልኩ። ስንበተን ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ሮጥኩ። መጀመሪያ ግማሹ ላይ ተቀመጥኩ፤ መስከረም ላይ ግን እያወራሁ የምወጣው ሆነ። ኅዳር ላይ ካቦውን ፈትነኝ አልኩት። አሥሩን ጫንኩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቦታዬ ተመለሰልኝ።

ቀበሌው ይህን ሰምቶ በስብሰባ አስነሣኝ። ኋላቀር አመለካከቱን አራግፎ በአብዮቱ የነቃ ጓድ ነው ተባልኩ። ተጨበጨበልኝ። ቀጭኑ መምህር ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ።

አብዮቱ አይደለም፣ ይሄ ሰውዬ ልክ ነበር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በማግስቱ ማለዳ ግን ከፊት ረድፍ ቆምኩለት።